ጭሱን ስናስወጣ ወለሉን እንዳናጣ

ጅማን በክረምት ለሚያውቃት ሰው ስለ ዝናቧ መንገር አያስፈልግም። ቡናውን የሚያለመልመው እርጥበት ቤት ሲገባ ልብስ ያሻግታል፣ ሕፃናትን ያስላል። ስለዚህ እናቶች መስኮቱን ዘግተን እሳት እናቀጣጥላለን። ጭሱ በየት ይውጣ፣ ሙቀቱስ እንዴት ይቅር የሚለው ጥያቄ የአናጢ ብቻ ሳይሆን የእናትም ጥያቄ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ይኸው ጥያቄ በወላጆቼ ቤት ያስከተለውን ጣጣ ነው።

ቤቱ ከነጋዴ የተገዛ አሮጌ ፎቅ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ያለው ምድር ቤቱ ድሮ የቡና መጋዘን ነበር፤ ዛሬ ማድ ቤት ሆኗል። ላይኛው መኖሪያ ወለሉ ጣውላ ነው። የእንጨት ፎቅ ለጅማ እንግዳ አይደለም፤ በጅሬን ኮረብታ ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የተሠራው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እንኳ ሰገነቱና ወለሉ እንጨት ነው። በእኛ ቤት ግን ከታች እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ጭሱ በጣውላው ስንጥቅ እየሾለከ ላይ ይወጣል። የእናቴ ዓይን ዘወትር ያነባል፤ የወንድሜ ልጅ ሌሊቱን ሲያስል ያድራል።

ባለፈው ሐምሌ ለዕረፍት ስሄድ ይህንን አይቼ አላስቻለኝም። አናጢ ጠርቼ የቆርቆሮ ቧንቧ ከማድ ቤቱ ተነሥቶ በወለሉና በጣራው አልፎ እንዲወጣ አዘዝኩ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ቧንቧው ዓይን እንዳይገባ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ይሁን አልኩ። አናጢው ጣውላውን ሲያነሣ ቀና ብሎ፣ «እትዬ፣ እዚህ ሥር አግዳሚ አለ፤ አንድ ክንድ ፈቀቅ እናድርገው» አለኝ። እኔ ግን ቁም ሣጥኑን አሰብኩና «ቁረጠው» አልኩት። ቆረጠው።

ጭሱ በእውነት ወጣ። እናቴም መረቀችኝ። ነገር ግን ወር ሳይሞላ ልጁ ሲሮጥ በቡፌው ያሉት ስኒዎች መንጫጫት ጀመሩ። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ ወለሉ ጎንበስ ሲል ረከቦቱ ተንሸራተተ። እናቴ ስልክ ደውላ፣ «ልጄ፣ ጭሱንስ አስወጣሽልኝ፤ እኛንም ልታስወጪን ነው እንዴ?» አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው።

ተመልሼ ሄድኩና አንድ አዛውንት አናጢ አስጠራሁ። ጣውላው ሲነሣ ሁላችንም ዝም አልን። የተቆረጠው አግዳሚ ጫፍ፣ ለቧንቧው ቅርብ በሆነው በኩል፣ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። ከላዩ የልጁ አልጋ ነበር።

አዛውንቱ ቀጭን ጭራሮ አንሥተው በሁለት እጃቸው አጎበጡት። «ልጄ፣ እይው። ላዩ ይጨመቃል፣ ሥሩ ይወጠራል። መሐል ላይ ሥሩን ብትነኪው ይሰበራል» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ከባለሙያዎች ጠይቄ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አግዳሚ ከርዝመቱ መካከለኛ ሲሶ ላይ አይሸረከትም፤ በጫፎቹ በኩልም ቢሆን ሽርክቱ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ አይበልጥም። ቀዳዳ ከተፈለገ ወገቡ ላይ ሆኖ ከቁመቱ ሲሶ ሳያልፍ፣ ከላይና ከታች ጠርዙ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይበሳል። አግዳሚው 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ቀዳዳው ከ6 ሳንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም፤ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ ታዲያ በምን ያልፋል? በብርድ አገሮች ሙቅና ቀዝቃዛ አየር በወለል ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎችም መተላለፊያውን በሁለት አግዳሚዎች መካከል ያስኬዱታል እንጂ እንጨቱን አይጎርዱም። መቁረጥ ግድ ሲሆን ክብደቱን ወደ ጎረቤት አግዳሚዎች የሚያሻግር ጠንካራ እንጨት በሁለቱም ጫፍ ይታሰራል።

የጭስ ቧንቧ ደግሞ ከአየር መተላለፊያ ይለያል፤ እሳት ይዞ ይሄዳል። ተራ የቆርቆሮ ቧንቧ ከእንጨት 45 ሳንቲ ሜትር ያህል መራቅ ስላለበት፣ በጣውላ ወለል ባያልፍ ይሻላል። አዛውንቱም አግዳሚውን በመሻገሪያ ጠግነው፣ ቧንቧውን በምድር ቤቱ የድንጋይ ግድግዳ አስወጥተው በውጭ በኩል ከጣራው በላይ ከፍ አደረጉት። ከምድጃው ትይዩ ንጹሕ አየር የሚገባበት ትንሽ መስኮትም ከፈቱ፤ አየር ካልገባ ጭስ አይወጣምና።

እናቶች፣ ነገሩን ቀላል አናድርገው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከሰል ደግሞ ባይጨስም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣልና፣ ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል ፈጽሞ አይግባ።

ዛሬ ቧንቧው ደጅ ላይ ለመንገደኛ ሁሉ ይታያል፤ አያምርም። ልጁ ግን ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል። እናንተም ቤታችሁን ስታድሱ አናጢው «እዚህ ሥር አግዳሚ አለ» ቢላችሁ፣ እባካችሁ ቁም ሣጥኑን አንሡት።