ነጻ የሆነውን ፍለጋ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ብቻዬን፣ በአንድ የጀርባ ቦርሳና በትንሽ ገንዘብ፣ በሦስት የአውሮፓ ታሪካዊ ከተሞች ስላደረግሁት የ10 ቀን ጉዞ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ነው። ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አንዳንዱ ሳምንት የቀን ፈረቃ ነው፣ አንዳንዱ የሌሊት። ከሥራ ስወጣ የመዘምራን ልምምድ አለ፤ ከዚያ የጸሎት ቡድን፤ ወር ሲሞላ ደግሞ አገር ቤት የሚላክ አለ። ይህን ሁሉ የማደርገው ወድጄ ነው። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ አንድ ጥያቄ ልቤ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፦ ማንም ምንም የማይፈልግብኝ ቦታ ብሄድ፣ የማላገለግል፣ የማልዘምር፣ የማልልክ ብሆን፣ እግዚአብሔር ያኔም ይደሰትብኛል? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለሰንበት ትምህርት ልጆችም አስተምረዋለሁ። ግን ከጭንቅላቴ ወደ ልቤ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ዕረፍት ወስጄ ብቻዬን እንደምሄድ ስናገር አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ደነገጡ። "ልጄ፣ ብቻሽን? ያ ገንዘብ ለእናትሽ ቢላክ አይሻልም?" አሉኝ።

"የእናቴን ድርሻ ልኬያለሁ እማዬ። ይኼ የተረፈው ነው።"

ዝም ብለው አዩኝና፣ "እንግዲያው ጌታ ይቅደምልሽ" ብለው ባረኩኝ።

የተረፈው 450 ዩሮ ነበር። ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ አወጣጡን ልንገራችሁ። በዚያን ጊዜ 49 ዩሮ የነበረው የጀርመን ወርሃዊ ትኬት ፈጣን ባቡሮችን ባይጨምርም፣ በክልል ባቡሮች፣ በከተማ አውቶቡስና በትራም አገሪቱን ሙሉ ያስኬዳል። ቶሎ መድረስ ለማያስቸኩለው ሰው ትልቅ በረከት ነው። ማደሪያዬ ሆስቴል ነበር፤ በሴቶች ክፍል ውስጥ አንድ ተደራራቢ አልጋ፣ በአማካይ ከ30 ዩሮ በታች። ለምግብ በቀን 8 ዩሮ መደብሁ፤ ዳቦ፣ አይብና ፍራፍሬ ከሱቅ፣ ማታ ደግሞ በሆስቴሉ ወጥ ቤት የራሴን አበስል ነበር። ውኃ ከቧንቧ እየቀዳሁ እጠጣለሁ። በቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ቆሎና አንድ ላስቲክ ሽሮ ነበረኝ። ገንዘብ ሲያንስ ዓይን በሄደበት ሁሉ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ "ነጻ የሆነው የትኛው ነው?" በዚህ ጥያቄ ነው ሦስቱን ከተሞች የዞርኋቸው።

የመጀመሪያዋ ኤርፉርት ናት። በከተማዋ መካከል፣ ከላይዋ ቤቶች የተሠሩባት የጥንት የነጋዴዎች ድልድይ አለች። መሐሏ ላይ ስትቆሙ ግራና ቀኙ ሱቅ ስለሆነ ወንዝ ላይ መሆናችሁን ትረሳላችሁ። ከዚያ ጥቂት በእግር ሲሄዱ ማርቲን ሉተር በ1505 የመነኮሰበት የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ይገኛል። ወጣቱ መነኩሴ እዚህ ጾመ፣ ሌሊት ነቃ፣ ተናዘዘ፤ እግዚአብሔርን ደስ ለማሰኘት አቅሙ የፈቀደውን ሁሉ አደረገ፤ ሰላም ግን አላገኘም። በዚያው ገዳም ሌላም ታሪክ አለ። ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1945 ከአየር ድብደባ ለማምለጥ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተሸሸጉ 267 ሰዎች ቦምብ ወድቆባቸው አልቀዋል። እዚያ ቆሜ ልጸልይ ፈልጌ ቃል አጣሁ። ብቻችሁን ስትጓዙ "ጸልዪልን" የሚላችሁ የለም፤ ዝም ብሎ መቆም ይቻላል። ከብዙ ዘመን በኋላ በእግዚአብሔር ፊት ምንም ሳልሠራ የቆምሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛዋ ቪተንበርግ ናት፤ ትንሽ ከተማ፣ በእግር ከዳር እስከ ዳር ብዙ አትወስድም። በ1517 ሉተር 95ቱን ነጥቦች ለጠፈበት የሚባለው የቤተ መንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን በር ዛሬ የለም፤ የእንጨቱ በር በ1760 በጦርነት ተቃጥሏል። አሁን ያለው በ1858 የተተካ የነሐስ በር ሲሆን፣ ነጥቦቹ በላቲን ተቀርጸውበታል። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ዳቦ ቆሎዬን አወጣሁ። ለመቀመጥ የሚከፈል የለም። የዚያ ሁሉ ክርክር መነሻው ምን እንደነበር ያን ጊዜ ነው ልብ ያልሁት፦ የሥርየት ወረቀት ይሸጥ ነበር። የእግዚአብሔር ምሕረት ዋጋ ተለጥፎለት ነበር። እኔም ከማለዳ ጀምሮ ዋጋ የሌለውን ነገር እየፈለግሁ የዞርሁ መንገደኛ፣ "ጸጋ አይሸጥም" በተባለበት ደጅ ላይ ተቀምጫለሁ። ወረቀት አልገዛሁም፤ ግን በሌሊት ፈረቃና በልምምድ ስከፍል ኖሬ እንደሆነስ? ይህን ጥያቄ ይዤ ረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ።

በዚህች ከተማ ከእኔ በፊት የመጣ ኢትዮጵያዊ አለ። በ1534 ሚካኤል የሚባል የአገራችን ዲያቆን ቪተንበርግ ደርሶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር በአስተርጓሚ ስለ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ተነጋግሯል። ሉተርም በእምነት መስማማታቸውን መስክሮ፣ ሰዎች ለዚህ እንግዳ ክርስቲያናዊ ፍቅር እንዲያሳዩት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎለታል። ኦርቶዶክሳዊ ዲያቆን፣ ከሩቅ አገር፣ በማያውቀው ቋንቋ መካከል፣ እንግዳ ሆኖ ተቀባይነት አገኘ። ብቻዬን አይደለሁም አልሁ።

ይሁን እንጂ ቪተንበርግ የምታስደስት ብቻ አይደለችም። ሉተር ይሰብክበት በነበረው የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ውጫዊ ግድግዳ ላይ፣ ከእርሱ ዘመን በፊት የተቀረጸ አይሁዳውያንን የሚያዋርድ አስቀያሚ ምስል አለ። ሉተር ራሱ በ1543 በአይሁድ ላይ ክፉ ቃል ጽፏል። ከግድግዳው ሥር፣ መሬት ላይ፣ በ1988 የተቀመጠ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። ስለ ነጻ ጸጋ የጻፈ ያው እጅ ይህንንም ጻፈ። እምነታችንን በሰው ላይ ሳይሆን በክርስቶስ ላይ መመሥረት ለምን እንደሚገባ ከዚህ በላይ ያስተማረኝ ቦታ የለም።

ሦስተኛዋ ፕራግ ናት። የጀርመኑ ትኬት እስከዚያ ስለማያደርስ ከድሬስደን ቀድሜ በርካሽ በገዛሁት አውቶቡስ ሄድሁ። ያን ሁሉ ውበት ለማየት የሚያስፈልገው እግር ብቻ ነው። ግንባታው በ1357 በተጀመረው የካርል ድልድይ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሄዳችሁ ከጥቂት ሰው በቀር ማንም የለም። በአሮጌው ከተማ አደባባይ፣ ድንጋይ ንጣፉ ላይ፣ 27 ነጫጭ መስቀሎች አሉ፤ በ1621 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ስላመፁ እዚያ ለተገደሉት 27 ሰዎች መታሰቢያ ናቸው። ቱሪስቱ ሰልፊ ሲነሳ ይረግጣቸዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ የቤተልሔም ጸሎት ቤት አለ። በ1391 የተመሠረተው ስብከት በሕዝቡ ቋንቋ፣ በቼክኛ፣ እንዲሰጥበት ነው። ያን ሁስ ከ1402 ጀምሮ ሰብኮበታል፤ በ1415 በኮንስታንስ በእሳት ተቃጠለ። ሕንፃው ፈርሶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደገና ተሠራ። ወንጌልን በእናት ቋንቋ መስማት ለእኛ በየሳምንቱ ያለ ክፍያ የምናገኘው ነገር ነው፤ ስለ እርሱ ግን ሰው ከፍሎበታል።

ማታ በሆስቴሉ ወጥ ቤት ሽሮዬን ሠራሁ። ሽታው አንዲት ዩክሬናዊት ሴት ጠራ። በስልክ አስተርጓሚ አወራን፤ ከጦርነቱ ሸሽታ፣ ቤት እስክታገኝ እዚያ ታድር ነበር። ዳቦ ቆርሼ አካፈልኋት። በልታ ስትጨርስ ሳንቲም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። "አይሆንም" አልኋት። እንደገና ገፋችው፤ መልሼ ገፋሁት። በመጨረሻ ተነስታ የእኔን ሳህን ማጠብ ጀመረች። ልከለክላት እጄን ዘረጋሁ፤ ፊቷን ሳይ ግን መለስሁት። ያለ ዋጋ መቀበል እንዴት ከባድ እንደሆነ በእርሷ ላይ አየሁት፤ ከባድነቱን ያወቅሁት ደግሞ ከራሴ ነው። ተቀምጬ ሳህኔ ሲታጠብ አየሁ። ቀላል አልነበረም፤ ግን ተቀመጥሁ።

እንዲህ ያለ ጉዞ ለመሄድ የምታስቡ፣ በተለይ እህቶች፣ ጥቂት ልበላችሁ። ቦርሳችሁ በጀርባችሁ ይዛችሁ ደረጃ የምትወጡት ይሁን፤ ከዚያ ከከበደ አራግፉ። አዲስ ከተማ ሳይመሽ ግቡ። ማደሪያችሁን በየቀኑ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ላኩ። ፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን አትለዩ፤ ድንበር ላይ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል። ለሆስቴሉ ሣጥን የራሳችሁን ቁልፍ፣ ለሌሊቱም የጆሮ መድፈኛ ያዙ። እሑድ ሲደርስ ባታውቁትም በአካባቢው ባለ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ከኋላ ተቀመጡ። ማንም ስለማያውቃችሁ ምንም አትጠየቁም፤ ዝም ብላችሁ ጉባኤ ሁኑ።

ቪዛውም ገንዘቡም ለሁሉ እንደማይሆን አውቃለሁ። አዲስ አበባ ሆናችሁ፣ ወይም በዐረብ አገር በሰው ቤት ዕረፍት ሳታገኙ እየሠራችሁ ይህን የምታነቡ አላችሁ። ለእናንተ ከተማ መዞር አይደለም የምላችሁ። ግማሽ ሰዓትም ብትሆን፣ ማንም የማይፈልግባችሁን ቦታ ፈልጉ፤ በረንዳ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሁሉ ከተኛ በኋላ በወጥ ቤት። እዚያ ምንም አትለምኑ፣ ምንም አታቅርቡ። ተቀመጡ ብቻ። እግዚአብሔርን ገና የምትፈልጉ ወዳጆችም በዚህ መጀመር ትችላላችሁ፤ ደጁ ላይ ለመቀመጥ መግቢያ አይከፈልም።

እኔ ወደ ፈረቃዬ፣ ወደ መዘምራኑም ተመልሻለሁ። የሚላከውም ይላካል። አሁን ግን ከማገልገሌ በፊት የተወደድሁ ነኝ፤ ያን የምለው በጭንቅላቴ ብቻ አይደለም። እናንተስ፣ የምትከፍሉት ነገር ሁሉ ቢወሰድባችሁ ምን የሚቀር ይመስላችኋል? ተባረኩ።