ጀማሪ ጸሐፊና የመጀመሪያ አድማጩ

ድርሰት ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ወጣት ከቃላት ጋር ከመታገሉ በፊት ከሰዎች አስተያየት ጋር መታገል ግድ ይሆንበታል። እናንተም ይህን መጽሐፍ ይዛችሁ በክፍል የምትቀመጡ ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ በደብተሩ የኋላ ገጾች ላይ ግጥም ወይም አጭር ልብ ወለድ የሚሞካክር ካለ፣ ምን ማለቴ እንደ ሆነ ሳይገባው አይቀርም። አንዱ «ይህ ደግሞ ለፈተና ይመጣል?» ይለዋል፤ ሌላው «ደራሲነት እንጀራ አይሆንም» ብሎ ይመክረዋል፤ ሦስተኛው አንድም ቃል ሳይናገር ፈገግ ብሎ ደብተሩን ይመልስለታል። ከሦስቱ ይበልጥ የሚጎዳው የትኛው ነው ብባል፣ ሦስተኛው ነው እላለሁ።

ስለ ተስፋ መቁረጥ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። «ይህ አንቀጽ ልል ነው፤ ይህ ሰው ደግሞ ያለ ምክንያት ተቆጣ» የሚል አንባቢ ቃሉ ቢመርም ተስፋ አስቆራጭ አይደለም፤ እንዲህ ለማለት አስቀድሞ ማንበብ ነበረበትና። ተስፋ አስቆራጭ የምለው ስለ ገጹ አንዳች ሳይናገር በጸሐፊው ላይ የሚፈርደውን ነው። «ተወው፣ አትችለውም» የሚለው ፍርድ የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደ ከበደ፣ የትኛው ቃል ያለ ቦታው እንደ ገባ አያመለክትም። ስለሆነም ጀማሪው አርሞት የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ ወይ ይቀበለዋል፣ ወይ ይቆጣበታል፤ ሁለቱም ቢሆኑ ጽሑፉን አያሻሽሉለትም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለምና የራሴን ነገር ላጫውታችሁ።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ በደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ልብ ወለድ ጻፍሁ። ታሪኩ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ስለ ነበረ ገበሬ ነው። ገበሬው በርስት ክርክር ተይዞ ይሟገታል፤ የሙግቱን ወጪ ለመሸፈን ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ይሸጣል፤ በመጨረሻ ርስቱን ሲረታ የሚያርስበት ጥማድ አልነበረውም። ይህ ነገር በአካባቢያችን እንግዳ አልነበረም። ርስት በዘር ቆጠራ ይጠየቅ በነበረበት ዘመን፣ ለአንድ ማሳ የተጀመረ ሙግት ከአባት ወደ ልጅ እስከ መተላለፍ ይደርስ ነበር። ከደብተር ወደ ሉክ ወረቀት ስገለብጠው 60 ገጽ ወጣው። ማሰሪያ ስላልነበረኝ እናቴ ከፈተለችው ክር ቆርጣ፣ አጠናክራ ገምዳ፣ ወረቀቱን በመስቀለኛ ጠምጥማ አሰረችልኝ። በመስከረም ወር ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ዘመድ እጅ ለአንድ አሳታሚ ላክሁት።

ዐሥር ወር ጠበቅሁ። መልስ ሲጠፋ በክረምቱ ዕረፍት አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ራሴ ሄድሁ። ኃላፊው ሥራ የበዛባቸው ሰው ነበሩ። ወረቀቱን ከመደርደሪያው ሥር ፈልገው አወጡና አቧራውን በእጃቸው ጠርገው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ያንተ ዕድሜ የመማሪያ እንጂ የመጻፊያ አይደለም» አሉኝ። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። በማግሥቱም አገሬ ገባሁ።

እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም። ጥቅሉን ተቀብላ አገላበጠችውና፣ «ይህ እኮ የኔው ቋጠሮ ነው» አለች። ጣቷን ቋጠሮው ላይ እንዳሳረፈች ጥቂት ቆይታም፣ «አልፈቱትም» አለች።

እውነቷን ነበር። በዐሥር ወር ውስጥ ያንን ክር የፈታው ሰው አልነበረም። ኃላፊው የፈረዱት በስሜና በዕድሜዬ ላይ እንጂ በ60ዎቹ ገጾች ላይ አልነበረም። ነገሩ ልቤን ቢያቆስለውም አንድ ነገር ግልጽ አደረገልኝ፤ ጽሑፌ ተነቦ አልወደቀም፤ ገና አልተነበበም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ቢጀመርም፣ እናቴ ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። «እንግዲያስ ለኔ አንብብልኝ» አለችና ባዘቶዋንና እንዝርቷን ይዛ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ቋጠሮውን ራሷ ፈታችው። እኔም ማንበብ ጀመርሁ።

ጥጥ ሲፈተል ላላያችሁ ላስረዳ። ፈታይዋ በአንድ እጇ ባዘቶውን ይዛ በሌላው እንዝርቱን ታሾራለች፤ ክሩ እየከረረ ሲረዝም በእንዝርቱ ላይ ትጠመጥመውና እንደገና ታሾራለች። እጅ ከለመደው አእምሮን የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ እየፈተሉ ማውራትም ማንጎራጎርም ይቻላል። ታሪኬ በሦስት ገጽ የጮቄን ተራራ የጧት ጉም በመግለጽ ይጀምር ነበር። እንዝርቱ በሦስቱም ገጾች ያለ ማቋረጥ ሲሾር ቆየ፤ እንዲያውም በመካከሉ እናቴ ቡናው እንዳይገነፍል እንዳየው አዘዘችኝ። በሬው ከበረት ተስቦ ሲወጣና ጓደኛው ከውስጥ ሆኖ እምቧ እያለ ሲጣራ ከሚለው ስደርስ ግን ድምፁ ጠፋብኝ። ቀና ብዬ ባይ እንዝርቱ በእጇ ቀርቷል።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ የማነበውን በዓይኔ፣ እንዝርቱን በጆሮዬ መከታተል ያዝሁ። እንዝርቱ ከቆመበት ገጽ ግርጌ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ፤ ሲሾር ካለፈበት ላይ ምንም አላደርግም። አምስት ምሽት ፈጀብን። በመጨረሻ ስቆጥር ነጥብ ያገኙት 14 ገጾች ነበሩ።

ሲያልቅ «ጎበዝ» አላለችኝም። ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው፣ «ለመሆኑ የበሬ ጥርስ ሳያይ የሚገዛ ነጋዴ የት አገር ነው ያለው?» የሚል ነበር። ሁለተኛውን ለመናገር እንዝርቷን አስቀመጠች። «ሚስቲቱ መጀመሪያ ላይ እንጀራ ስትጋግር ነበረች። በሬው ሲሸጥ የት ሄደች? አብራ ያረመችበት፣ አብራ ያጨደችበት ሀብት ከቤቷ ሲወጣ ምንም አትልም?» አለችኝ።

እኔ ስለ ገበሬው፣ ስለ ዳኛው፣ ስለ ምስክሮቹ ስጽፍ ነበር የከረምሁ። ይህ ጥያቄ ግን ታሪኩን ከሥሩ ለወጠው፤ ሚስቲቱ ከገባች ሽያጩ የገበያ ነገር መሆኑ ቀርቶ የቤት ጠብ ይሆናልና።

በጎረቤታችን አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ነበሩ። አንድ ቀን በአጥር በኩል ሲያልፉ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። የኔታ ስለ አሳታሚው ምንም አላሉም፤ የተናገሩት ስለ ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው በቅኔ ቤት የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። እርሷን ሲለምድ ሦስት ቤት ወዳላቸው ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ከዚያም አምስት ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ፣ እያለም ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ቀን ለብቻው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ልኩ የጎደለውን፣ ምሥጢሩ ያልገጠመውን በጓደኞቹ ፊት ያርሙለታል። ካማረ «ይበል!» ይባልለታል። «ካላማረስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣላ!» አሉኝ፤ ጥያቄዬ ራሱ እንግዳ ሆኖባቸው።

የቅኔ ቤት ኑሮ የተመቸ ነበር ለማለት አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ቁራሽ እየለመነ ነው የሚማር፤ የመምህሩም ቃል ሁልጊዜ ለስላሳ አይደለም። ዳሩ ግን ያ ተማሪ እኔ በአሳታሚው ደጅ ያላገኘሁት አንድ ነገር ነበረው፤ ነገም ሌላ ይዞ እንዲመጣ የሚጠብቀው ሰው።

ከዚያ ቤት የወጡትን ከቆጠርን አይቀር ሐዲስ ዓለማየሁን ማንሣት ተገቢ ነው። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱት እኒህ ደራሲ በልጅነታቸው ቅኔ ተምረዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር ተወስደው ዓመታት በግዞት አሳልፈዋል፤ ከዚያም በዲፕሎማሲ ሥራ በባሕር ማዶ ኖረዋል። «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለው መጽሐፋቸው የወጣው በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 56 ገደማ ነበር። «የመጻፊያ ዕድሜ» የሚባለውን ነገር ስሰማ ሁልጊዜ ይህ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መጽሐፉ በኋላ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቀር በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ ልጆች አወቃቸው። እናቴም ከአድማጮቹ አንዷ ነበረች። በእነዚያ ሰዓታት እንዝርቱ ጨርሶ ይቆም እንደ ነበር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

ሁሉም ደራሲ እንዲህ ያለ አቀባበል አያገኝም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ አጻጻፉ ከተለመደው የራቀ ነበርና ብዙ አንባቢ ከብዶታል፤ ዛሬ ግን በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ። በእኔ የተማሪነት ዘመን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ማለፍ ነበረበት፤ ይህ በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል። የዛሬን ጀማሪ የሚያስጨንቀው ይበልጡን የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ነው። እርሱ ግን የኋላ ጣጣ ነው። አሁን የሚያስፈልጋችሁ አሳታሚ ሳይሆን አንድ አድማጭ ነው። አድማጩ የተማረ እንዲሆን አትጠብቁ፤ እስከ መጨረሻው የሚቀመጥ ይሁን። ሳይታክት «ግሩም ነው» ከሚል ወዳጅም ተጠንቀቁ፤ «ግሩም ነው» እና «ተወው» አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ ሁለቱንም ሳያነቡ መናገር ይቻላል። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሰው ይሉኝታ ይዞት አዎን ይላችኋል። «የት ላይ ሰለቸህ? የት ላይ አላመንሽም?» በሉ። አራት አምስት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ብትቀመጡና እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ብታነብቡ ደግሞ፣ ሁለተኛው ሳምንት ሲደርስ ጽሑፍ ይዞ ላለመምጣት የምታፍሩ ትሆናላችሁ። እንዲህ ያለው እፍረት ብዙ ገጽ ያስጽፋል።

የእኔን ታሪክ መጨረሻ ሳልነግራችሁ እንዳልቀር። ልብ ወለዱን እንደገና ጻፍሁት። የጮቄ ጉም ወደ አራት መስመር ወረደ፤ ነጋዴው የበሬውን ጥርስ አየ፤ ሚስቲቱም በበረቱ ደጃፍ ቆማ ባሏን ተሟገተችው። በ1974 ዓ.ም. እናቴ በዚያው ክር አስራልኝ ለሌላ አሳታሚ ላክሁት። ከአራት ወር በኋላ በፖስታ ተመለሰ። ደብዳቤው ለጊዜው ሊታተም እንደማይችል በሁለት መስመር ይገልጻል። እኔና እናቴ ግን ደብዳቤውን ትተን የተመለከትነው ክሩን ነበር። ክሩ የራሷ ነው፤ ቋጠሮው ግን እንደ ጫማ ማሰሪያ የታሰረ፣ የማናውቀው ቋጠሮ ነበር።

ስፈታው የገጾቹ ኅዳግ በቀይ ቀለም ተሞልቷል። ስሙን ያልጻፈ አንድ አራሚ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቦ፣ አንዳንዱን ሰርዞ፣ አንዳንዱን አስምሮበት፣ በሁለት ቦታ ላይ ደግሞ የቃለ አጋኖ ምልክት አድርጎበታል።

«ምን ይላል ቀዩ?» አለች እናቴ፣ እንዝርቷን እያነሣች።

«እዚህ ላይ የሚስቲቱ ንግግር ረዝሟል ይላል» አልኋት።

«ሌላውን አርም» አለችኝ። «እሷን ግን አትንካት፤ ልክ ነው የተናገረችው።»