የተረፈው ዱቄት የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሳስተምር አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዲዲቲ ከተረጨ በኋላ የት ይሄዳል?» «ይተናል» አልኳትና ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መልሴ ግማሽ ነበር።

ልጅ ሆኜ የወባ መድኃኒት ረጪዎች ሰፈራችን ሲመጡ የሚተርፍ ዱቄት አይጠፋም። አባቴ ነቀዝ እንዳይበላው ብሎ ጎታ ውስጥ እህሉ ላይ ይነሰንሰዋል። ጣሳውን የምይዝለት እኔ ነኝ።

እስቲ ስዊዘርላንድ ልውሰዳችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።) ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 የደረሰበት ፓውል ሙለር የዚያ አገር ሰው ነው፤ በ1948 ኖቤል ተሸልሞበታል። በዚያው አገር 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኦበራር የሚባል በግድብ የተያዘ የተራራ ሐይቅ አለ። እዚያ እርሻ የለ፣ ወባ የለ። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ጭቃ በቱቦ አወጡ። የሐይቅ ጭቃ እንደ መዝገብ ነው፤ የድሮው ከታች፣ የቅርቡ ከላይ ይደረደራል። በየንብርብሩ ሲለኩ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ዲዲቲ በዝቶ ተገኘ። ከተከለከለ በኋላ ቀነሰ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን እንደገና ጨመረ! ያውም ማንም ሳይረጨው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዲዲቲ ሙቀት ሲያገኝ ይተናል፣ በነፋስ ይጓዛል፣ ቀዝቃዛ ተራራ ላይ ሲደርስ ከበረዶ ጋር ይወርዳል። ግግር በረዶው ለብዙ ዓመት ይዞት ቆየ። አሁን ዓለም ሲሞቅ በረዶው እየቀለጠ የድሮውን መርዝ ሐይቁ ውስጥ ይጨምረዋል። ጥናቱ የታተመው በ2009 ነው።

ይህን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «እንዲያ ከሆነ እኛም ሆድ ውስጥ አለ በለኛ» አለኝ። ምን ልበል? ዲዲቲ ሰውነት ውስጥ ከገባ ስብ ላይ ተጠራቅሞ ይቆያል። «ትንሽ አይጠፋም አባዬ» አልኩት። አልወቅሰውም። እሱ የፈራው ረሃብን ነው፤ ሌላውን የነገረው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ መትነን ማለት መጥፋት እንዳልሆነ ለልጅቷ እነግራታለሁ። እናንተም ቤታችሁ የቆየ ዱቄት ካለ እባካችሁ እህል ላይ አትነስንሱ፣ ወንዝ ውስጥ አትድፉ፣ ልጅም አታስይዙ። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።