በሳህን ላይ የበቀለ ሮማን

እናቴ ሜሪላንድ እኛ ዘንድ ከመጣች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። ለልጅ ልጆቿ ስትል መጣች እንጂ ልቧ ከደብረ ዘይቱ ግቢዋ አልወጣም። አብዝታ የምታነሳው ደግሞ አጥሩ ጥግ ያለውን ሮማኗን ነው። በየጠዋቱ «አሁን ማን ያጠጣዋል?» ትላለች። ቀጥሎ የሚመጣው የመመለሻ ትኬት ጥያቄ መሆኑን ስለማውቅ ወሬ እቀይራለሁ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ በዋሽንግተን ሰሜን ምሥራቅ ወደሚገኘው ናሽናል አርቦሬተም ወሰድኳት። ሰፊ የመንግሥት የዕፅዋት ግቢ ነው፤ መግቢያው ነፃ ነው። ሜዳው ላይ ጣሪያ ሳይኖራቸው የቆሙትን 22 ዓምዶች ስታይ «ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ነው?» ብላ አማተበች። ድሮ የካፒቶል ሕንፃ ዓምዶች እንደነበሩ ነገርኳት፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም።

የመጣነው ግን ለቦንሳይ ሙዚየሙ ነው። ቦንሳይ በጃፓንኛ በሳህን ላይ የተተከለ እንደማለት ነው። ሙዚየሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ጃፓን በስጦታ በላከቻቸው 53 ዛፎች ነው። ከእነሱ አንዱ ከ1625 ጀምሮ በሳህን ያደገ ጥድ ነው። ያሳደገው የያማኪ ቤተሰብ የሚኖረው ሂሮሺማ ነበር። በ1945 ቦምቡ ሲወድቅ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነበሩ፤ ዛፉም እነሱም ተረፉ። ማሳሩ ያማኪ ዛፉን ሲሰጡ ይህን አላነሱም። ሙዚየሙ ታሪኩን የሰማው በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ዛፉን ሊያዩ ሲመጡ ነው። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆየች። «ቦምቡን ለጣለባቸው አገር?» አለች።

ከዚያ ሮማኑ ጋ ደረስን። ቁመቱ ክንድ አይሞላም፤ ግንዱ እንደ ተጨመቀ ልብስ ተጠምዝዟል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ፍሬ ተንጠልጥሏል። እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «ምን አድርጎ ነው ያሰሩት? አስርበውት ነው እንዲህ የቀረው?»

እዚያ የሚያገለግሉ አንድ አዛውንት በጎ ፈቃደኛ ነበሩ፤ እያስተረጎምኩ ጠየቅኋቸው። የተራበ ዛፍ አያፈራም አሉ። በየሁለት ዓመቱ ገደማ፣ ቡቃያው መቅላት ሲጀምር፣ ከሳህኑ ወጥቶ ሥሩ ይከረከማል፤ አፈሩም ይለወጣል። ያረጀ የሮማን ቅርንጫፍ ቀጭ ብሎ ስለሚሰበር ሽቦ የሚጠመጠመው ለጋ እያለ ነው፤ ሽቦው ልጡን ሳይበላውም ይፈታል። እናቴ አቋረጠቻቸው። «የሚያብበው ዘንድሮ ባወጣው ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው፤ በመቀስ ሲከረክሙት አበባውን አይቆርጡትም? በላቸው።» ሰውዬው ሳቁ። ለዚህ ነው አበባው እስኪያልፍ መቀሳችንን የምንሰበስበው አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ አስተርጓሚ ብቻ ሆንኩ፤ ሁለቱ ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩ።

በሳምንቱ ድንክዬውን የሮማን ዝርያ ከችግኝ መሸጫ ገዝቼ በረንዳችን ላይ አስቀመጥኩላት። ፀሐይ የሚያገኘውን ጥግ የመረጠችው እሷ ናት። ኅዳር ሲጋመስ ቅጠሉ በሙሉ ረገፈ። ሞቷል ብዬ በጥቁር ፌስታል ከትቼ ወደ ቆሻሻ መጣያው ስወርድ ደረጃው ላይ ያዘችኝ። ልጡን በጥፍሯ ጫር አደረገችው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነው። «ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አለችኝ። እንዲህ በቆፈን የሚያረግፍ ሮማን ደብረ ዘይት ላይ አይታ አታውቅም፤ አረንጓዴውን ግን ታውቀዋለች። ክረምቱን በረዶ በማያገኘው፣ ማሞቂያም በሌለው ምድር ቤት አሳለፈ። ውኃውን በጥቂቱ የምታጠጣው እሷ ነበረች። በመጋቢት ቡቃያው ቀላ።

ትኬቱን የቆረጥኩት በሚያዝያ ነው። ሮማኑን የገዛሁላት መያዣ ይሆነኛል ብዬ እንደነበር ነግሬያት አላውቅም። ኤርፖርት ላይ አቅፋኝ «በሮማን ልታስረኝ ነበር፣ አይደል?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

የእሷን ሮማን ለካ ጎረቤት ሲያጠጣላት ከርሟል። አሁን በየጠዋቱ የምትደውለው ስለ እኔው ነው፤ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ከትቼ እርጥበቱን ሳላይ ውኃ እንዳልጨምር ታስጠነቅቀኛለች። በሐምሌ የመጀመሪያዎቹን ቀይ አበቦች ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«ፍሬ ከያዘ አንዱን ብቻ ተውለት፤ ገና ልጅ ነው፣ ይደክማል።»