የኮቨንትሪው ፍትሐት

ከለንደን ዩስተን የተነሣ ባቡር ኮቨንትሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ከተማዋ ከጣቢያው ስትወጡ አታማልልም፤ ቀለበት መንገድ፣ ከጦርነቱ በኋላ የቆሙ የኮንክሪት ሕንፃዎች፣ የገበያ ማዕከል። እኔን እዚያ ድረስ የጎተተኝ አንድ ሸክላ ነው። ጥቁር ሽፋን፣ በላዩ ነጭ ፊደል፣ ሥዕል የለ ፎቶ የለ፤ ዴካ ኩባንያ በ1963 ያወጣው የቤንጃሚን ብሪተን «ዋር ሪኩዊም»፣ ራሱ ደራሲው ኦርኬስትራውንና መዘምራኑን እየመራ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሙዚቃው የተጻፈው ለዚህች ከተማ ካቴድራል ነውና ቦታውን ሳላይ መቅረት አልሆነልኝም።

አሮጌው ካቴድራል እንደተመታ ቆሟል። በኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ጣሪያው ተቃጥሎ ወደቀ፤ የውጭ ግድግዳውና ረጅሙ ማማ ተረፉ። ዛሬ ምእመን በነበረበት ወለል ላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ርግብ ትዞራለች፣ ባዶ የመስኮት ቅርፆች ሰማይ ያሳያሉ። አዲሱን የሠራው አርክቴክት ባዚል ስፔንስ ፍርስራሹን አላነሣም፤ ከጎኑ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አቆመና በመካከላቸው ጆን ሀተን ቅዱሳንና መላእክት የቀረጸበትን ትልቅ የመስታወት ግድግዳ አደረገ። ውስጥ ሆነህ ወደ ኋላ ስትዞር በመላእክቱ ክንፍ በኩል የተቃጠለው ግድግዳ ይታያል። ፊት ለፊት ደግሞ የግራሃም ሰዘርላንድ ግዙፍ የክርስቶስ ጥልፍ ተሰቅሏል። መቼም ሰው ሆኖ ሁለቱን አንድ ላይ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም።

ብሪተን ሥራውን ያቀረበው ሕንፃው በተመረቀበት ሳምንት፣ በሜይ 30 ቀን 1962 ነበር። ጦርነትን አጥብቆ የሚቃወም፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም አልዋጋም ብሎ የቆመ ሰው ነው። ለሙታን የሚጸለየውን የላቲን ፍትሐት ወሰደና በየመሃሉ የዊልፍሬድ ኦወንን የእንግሊዝኛ ግጥሞች ሰካበት። ኦወን ወታደር ነበር፤ የተገደለው በኖቬምበር 4 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። መርዶው እናቱ ዘንድ የደረሰው የሰላሙ ደወል በሚደወልበት ዕለት ነው ይባላል።

የድምፁ አሰላለፍ ሦስት ፎቅ አለው። ትልቁ ኦርኬስትራ፣ ብዙኃኑ መዘምራንና ሶፕራኖዋ በላቲን ይጸልያሉ። ቴነሩና ባሪቶኑ ከአሥራ ሁለት ተጫዋቾች ጋር የወታደሮቹን ግጥም ይዘምራሉ። ከሁሉም ርቀው ትናንሽ ወንድ ልጆች ከኦርጋን ጋር አሉ። ብሪተን ለሦስቱ ብቸኛ ዘማሪዎች ያሰባቸው አንዲት ሩሲያዊት፣ አንድ እንግሊዛዊና አንድ ጀርመናዊ ነበር። የሶቪየት ባለሥልጣናት ግን ጋሊና ቪሽኔቭስካያን ለምረቃው አንለቅም አሉ፤ ሄዘር ሃርፐር በጥቂት ቀናት ዝግጅት ገብታ አዳነችው። ሦስቱ የተገናኙት በጃንዋሪ 1963፣ በለንደኑ ኪንግስዌይ አዳራሽ፣ ለቀረጻው ነው። ሸክላው የሙዚቃው ግልባጭ አይደለም የምለውም ለዚህ ነው፤ ደራሲው ያሰበው ጉባኤ መጀመሪያ የተሟላው በካቴድራሉ ሳይሆን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው።

ካቴድራሉ ውስጥ ቆሜ ይኸንኑ አሰብኩ። ድምፅ እዚያ ረጅም ያስተጋባል፤ አንድ ሰው ወንበር ሲስብ እንኳ ጩኸቱ ጣሪያ ደርሶ ይመለሳል። ብሪተንም በካቴድራሉ የድምፅ ጠባይ ተማሮ ነበር። በምረቃው ዕለት ኦርኬስትራውን ሌላ ሰው ሲመራ እሱ ትንሹን ጓድ ይዞ ነበር፤ በቀረጻው ግን ሁሉንም ራሱ ጨበጠ። ውጤቱም በጆሮ ይታወቃል። መዘምራኑ መግቢያው ላይ እየተንሾካሾኩ ሲጀምሩ ደወሎቹ የሚመቱት ሁለት ኖታ ነው፤ ዶ እና ፋ ሻርፕ፣ አንዱ ሌላውን የማያሳርፍ። ሥራው ሙሉ በዚህ ውጥረት ይሄዳል፤ በሦስት ቦታ ብቻ መዘምራኑ ያለ መሣሪያ፣ ቀስ ብለው ወደ ሰላማዊ ኮርድ ይገባሉ። ሌሎች መሪዎች እዚህ ጋ ይለሰልሳሉ፤ ብሪተን አይለሰልስም፣ ያልፋል።

አድማጮች ግን ከእኔ ጋር አልተስማሙም፤ የጉዞው ጣዕም ደግሞ እሱ ሆነ። ኮቨንትሪ ውስጥ ያገኘኋት፣ ኳየር ውስጥ የምትዘምር አንዲት ሴት የቪሽኔቭስካያ ድምፅ ጆሮ ይሰነጥቃል ትላለች፤ የእሷ ምርጫ ሃርፐር ናት፣ ሃርፐርም በ1991 ከመሪው ሪቻርድ ሂኮክስ ጋር ቀርጻዋለችና ክርክሯ ማስረጃ አለው። እኔ አልተቀበልኳትም። ሶፕራኖዋ የምትዘምረው የፍርድ ቀን መጽሐፍ ሲገለጥ ነው፤ ማን በለስላሳ ድምፅ ይፈረድበታል? የቀረጻው ፕሮዲዩሰር ጆን ካልሾ በትዝታው እንደጻፈው፣ ቪሽኔቭስካያ ከወንዶቹ ተነጥላ ከመዘምራኑ ጋር መቆሟን እንደ ንቀት ቆጥራ ወለል ላይ ተጋድማ ጮኻለች። ያ ቁጣ ዘፈኑ ውስጥ ገብቷል ባይ ነኝ።

አንድ የአሮጌ ሸክላ ነጋዴ ደግሞ ጠቡ ከቴነሩ ከፒተር ፒርስ ጋር ነው። በቀረጻው ጊዜ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ድምፁ ደረቅ፣ በአፍንጫ በኩል የሚወጣ። ነጋዴው፣ ሳይመን ራትል የመራውን የ1983 ቀረጻ አወጣልኝና ይኸኛው ይሻልሃል አለኝ። ድምፁ ጠርቷል፣ ኳየሩም ግሩም ነው። ግን ፒርስ ቃሉን ሲናገር አንድ ፊደል አያመልጥህም፤ ለወታደር ግጥም ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ከሁሉ የከበደኝ የአንድ ወዳጄ አስተያየት ነው፤ አዲስ አበባ ዲያቆን ነበር፣ አሁን በርሚንግሃም ይኖራል። እስከ መጨረሻው አብሮኝ ሰማ፤ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይወስዳል። «ወንድሜ፣ ፍትሐት ላይ ሙግት አይጨመርም» አለኝ። በተለይ ያስቆጣው የአብርሃምና የይስሐቅ ቦታ ነው። መዘምራኑ እግዚአብሔር ለአብርሃምና ለዘሩ የገባውን ተስፋ ሲያወሱ፣ ሁለቱ ወንዶች የኦወንን ታሪክ ያስገባሉ፤ በግጥሙ ሽማግሌው መልአኩን አልሰማም ይላል፣ ልጁንም የአውሮፓን ወጣቶችም ይሠዋል። መልአኩ ሲናገር ቴነሩና ባሪቶኑ ድምፃቸውን ያጣምራሉ፤ በቀረጻው ላይ እንግሊዛዊውና ጀርመናዊው በአንድ አፍ መልአክ ሆኑ ማለት ነው። ከዚያ ሁለቱ ግድያውን ደጋግመው ሲያነሡ፣ ልጆቹ ከሩቅ ለነፍሳት መሥዋዕት እናቀርባለን እያሉ ይዘምራሉ። ወዳጄ ድፍረት ነው አለ። እኔ ደግሞ ጸሎቱ ያልጠየቀውን ጥያቄ ግጥሙ ጠየቀለት አልኩት። አልተግባባንም፤ ግን እንደገና ከመርፌው በታች አስቀምጠን ያን ቦታ ብቻ ሰማነው።

የሥራው ትልቁ ጠላት የሙዚቃ ደራሲው ኢጎር ስትራቪንስኪ ነበር፤ ሥራውን መተቸት እንደ ነውር መቆጠሩ ላይ አላግጧል። እንዲያ ቢል አይፈረድበትም። ሥራው ሲወጣ ውዳሴ ጎረፈለት፣ ሸክላው በአምስት ወር ውስጥ 200 ሺህ ተሸጠ፤ ለአዲስ የክላሲካል ሥራ ተሰምቶ የማይታወቅ ገበያ ነው። ከብዛቱ የተነሣ የሚጠረጥሩትን አውቃለሁ። እነሱን የምልካቸው ወደ መጨረሻው ክፍል ነው፤ የሞተ እንግሊዛዊ ወታደር ከመሬት በታች እሱ ራሱ ከገደለው ጠላት ጋር ይገናኛል። ጠላቱን የሚዘምረው ባሪቶኑ ዲትሪኽ ፊሸር ዲስካው በጀርመን ጦር ውስጥ ያገለገለና ጣሊያን ውስጥ የተማረከ ሰው ነው። በምረቃው ዕለት በእንባ ተሸንፎ ከመቀመጫው መነሣት አቅቶት ነበር ይባላል። ቀረጻው ላይ ግን አያለቅስም፤ እንደሚያወራ ነው የሚዘምረው።

ለንደን ተመልሼ ኪንግስዌይ አዳራሽን ፈለግኩ፤ በ1998 ፈርሶ ሆቴል ተሠርቶበታል። ከሥሩ ያልፍ የነበረው የምድር ውስጥ ባቡር ጉርምርምታ ግን እዚያ በተቀረጹ ብዙ ሸክላዎች ላይ አሁንም ይሰማል፤ ለማዳመጥ የሚያድኑት አሉ። ካልሾ ደግሞ ብሪተን ሳያውቅ ልምምዱን ቀርጾ፣ ለሃምሳኛ ልደቱ በአንድ ቅጂ አሳትሞ ሰጠው። ብሪተን አልወደደውም፤ ፈቃድ ሳይጠይቁኝ አለ። ዴካ በ1999 ከዋናው ሥራ ጋር ለሁሉም አወጣው። ሰውየው ባይፈልገውም እኔ ገዛሁት፤ ከልጆቹ ጋር ሲቀልድ፣ መዘምራኑን ሲያርም፣ ዝም በሉ ሲል ይሰማል። የሸክላ ነጋዴው ግን እስከ ዛሬ አልከፈተውም፤ የሞተ ሰው ቁጣ ይከበራል ባይ ነው።