«ወገቤን» ከሚለው ቃል በኋላ

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ የወገብ ሕመምተኛን ታሪክ የሚመዘግብበት ቅጽ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው፤ ታካሚዋ ግን በአማርኛ ትናገራለች። አማርኛ ደግሞ ለሕመም ግስ አያጣም። ወገብ ይቆረጥማል፣ ይወጋል፣ ይጠዘጥዛል፣ ያቃጥላል፣ ይነዝራል። ተማሪው ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሕመም» የሚል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያሰፍራል። በዚህ የሚጠፋው የንግግር ለዛ ብቻ አይደለም። ከወገቧ ተነሥቶ እስከ እግር ጣቷ «ይነዝረኛል» ያለች ታካሚ የነርቭ ሥር መነካቱን እየጠቆመች ሊሆን ይችላል። «ኩላሊቴን ነው» የሚሉም ጥቂት አይደሉም፤ አብዛኞቹ በዚህ ስም የሚጠሩት ሥፍራውን ነው። እጃቸውን የት እንዳሳረፉ ማየት ያሻል፤ ኩላሊትም በእውነት ይታመማልና ስለ ትኩሳትና ስለ ሽንት ማቃጠል ሳይጠየቅ አይታለፍም።

ቤክማንና ፍራንክል እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ሐኪሞች የታካሚን የመክፈቻ ንግግር በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ያቋርጡ ነበር። በእኛ አገር ሰላምታው ብቻ ከዚያ ሊረዝም ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ነውር የጋረደው ጥያቄ ነው። በአከርካሪ ግርጌ ያሉት የነርቭ ክሮች ሲጨፈለቁ፣ ማለትም በኮዳ ኢኩዋይና ሕመም፣ ሽንት ይታገዳል ወይም ያመልጣል፤ መቀመጫና ብልት አካባቢም ይደነዝዛል። ቀዶ ሕክምናው ከዘገየ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ሊቀር ይችላል። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት እናቱን የሚያህሉ ሴት ፊት ተቀምጦ ይህን መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህም ሳይጠይቅ «የለም» ብሎ ይሞላል። እኩዮቹን እንደ ታካሚ አስቀምጦ መለማመዱ ለዚህ እምብዛም አይረዳውም፤ በእኩያ ፊት ኀፍረቱ ሌላ ነውና። የሚሻለው በዕድሜ የገፉ ፈቃደኞችን ጋብዞ ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ማስደገም ነው፦ «እማማ፣ የምጠይቅዎ ነገር ያሳፍር ይሆናል፤ የወገብ ነርቭ ሽንትንም ስለሚቆጣጠር ነው። ሽንትዎ ሲመጣ ይታወቅዎታል? ሲታጠቡስ መቀመጫዎ አካባቢ ይደነዝዝዎታል?» ምክንያቱ ከጥያቄው መቅደሙ ለሁለቱም ኀፍረቱን ያቀልላል። የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስም በዚሁ መንገድ ይጠየቃሉ፤ የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም ይይዛልና።

በምዘና ወቅት መምህራን ሁለት ነገር ቢጠይቁ ብዙ ይለወጣል፦ የታካሚዋ ግስ ከእንግሊዝኛው በፊት በአማርኛ ይጻፍ፤ ያልተጠየቀውም «የለም» ሳይሆን «አልተጠየቀም» ተብሎ ይሞላ። ያኔ ቀጥሎ የሚያያት ባለሙያ ቢያንስ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።