ባሕር በደጋ፦ በዝግ ውሃ ላይ ስለሚደርስ ድንገተኛ ብልሽትና ስለ ማገገሙ

ላስታ ባሕርን ለብዙ ዘመን ያወቀው በአሞሌ ነው። የቀይ ባሕር ክንድ ደርቆ በደናክል ረባዳ ምድር የተወው ጨው ተፈልጦና ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሰቆጣ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ለወጥም ለገንዘብም አገልግሏል። ዛሬ በደጋ ከተማ የባሕር ዓሣ ገንዳ ለማቋቋም የሚያስብ ሰው ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጨውን መልሶ ባሕር ማድረግ ይኖርበታል። ለዚህ አሞሌ አይበቃውም። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፤ በውስጡም ከሶዲየም ክሎራይድ ሌላ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ሰልፌትና ፒኤችን የሚደግፈው ባይካርቦኔት ይገኛሉ። ይህን በዱቄት የተዘጋጀ ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው ይተካዋል። በደጋ ላይ የማይተካው አየሩ ነው።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በጠረፍ ያለ ጨው አልባ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም፣ የባሕር ውሃ ደግሞ 6.8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ይኸው የባሕር ውሃ በላሊበላ ከፍታ ቢቀመጥ የሚይዘው 5 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው፤ ያውም አየር ሙሉ በሙሉ ሲጠግብ። ስለዚህ በጠረፍ ቀለል ብሎ የሚያልፍ ጉድለት በደጋ ለጥፋት ሊበቃ ይችላል።

የዝግ ውሃ ብልሽት ድንገተኛ የሚመስለው ለተመልካች ነው። ማታ ደኅና የነበሩ ዓሦች ጧት ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ይታያሉ። ነገሩ ግን ቀደም ብሎ ተጀምሯል፤ ከድንጋይ ሥር ሞቶ ያልታየ እንስሳ፣ ከልክ ያለፈ ምግብ፣ ወይም ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ መብራት ጀምሮታል። የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅንን ይበላል፤ አሞኒያንም ይለቃል። አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ኦክስጅን ፈላጊዎች ናቸው፤ 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅንን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይጠይቃል። አየር ሲያጥር መርዙ ይበዛል፤ መርዙን የሚያነሡትም ይደክማሉ።

በእንዲህ ያለ ሰዓት እጅ ወደ መድኃኒት ይሮጣል። የሚቀድመው ግን የውሃውን ገጽ ማናወጥና አየር ማስገባት ነው። ምግብ ይቆማል፤ የሞተው ይወጣል፤ ከውሃውም ከሩብ እስከ ግማሽ የሚሆነው ይለወጣል። አዲሱ ውሃ በሌላ ዕቃ ጨው የሟሟበት፣ በሙቀትና በጨው መጠን ገንዳውን የመሰለ፣ የቧንቧ ከሆነም ክሎሪኑ የተወገደለት መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ወጥመድ አለ። በውሃ ውስጥ ያለ አሞኒያ በሁለት መልክ ይኖራል፤ አንዱ ብዙም የማይጎዳው አሞኒየም ሲሆን፣ ሌላው በዓሣ ስንጥብ በኩል የሚገባው መርዛማው አሞኒያ ነው። የመርዛማው ድርሻ ፒኤች 7 ሲሆን ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8.2 ሲደርስ ግን ከመቶ ወደ 7 ወይም 8 ይወጣል። በታፈነ ገንዳ የተጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፒኤችን ዝቅ አድርጎ መርዙን አፍኖት ሊቆይ ይችላል። አየር ሲገባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፤ ፒኤች ከፍ ይላል፤ የታፈነውም መርዝ ይፈታል። ከዚህ የተነሣ አየር ማስገባትና ውሃ መለወጥ አብረው መሄድ ይገባቸዋል፤ አሞኒያ ሲለካም ፒኤች አብሮ ካልተለካ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኋላ ያለው ሥራ በአመዛኙ ትዕግሥት ነው። ባክቴሪያዎቹ ከተጎዱ ቁጥራቸው ተመልሶ እስኪበቃ ሳምንታት ይወስዳል፤ በመካከሉም አሞኒያ ሲወርድ ናይትራይት የሚወጣበት ጊዜ አለ። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አጥቦ ለማንጻት የሚቸኩል ሰው የቀሩትን ባክቴሪያዎች በክሎሪን ይጨርሳቸዋል። ንጹሕ የሚመስል ገንዳና ጤነኛ ገንዳ አንድ አይደሉም።

ይህ ሁሉ ለአንድ የመስታወት ገንዳ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን አንዳንድ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሐይቆችም ዝግ ውሃዎች ናቸው። ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ውድ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት የቢሾፍቱ እሳተ ገሞራ ሐይቆች ውሃ በንብርብር እንደሚቀመጥ አሳይተዋል። በበጋው ጥርት ያሉ ሌሊቶች የላይኛው ውሃ ሲቀዘቅዝና ሲከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ውሃም ወደ ላይ ሊቀላቀል ይችላል። ያኔ ዓሦች ላይ የሚደርሰው መብራት በጠፋበት ገንዳ ከሚደርሰው የተለየ አይደለም።

በዚያው በወሎ፣ በደሴ አቅራቢያ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ደግሞ ዘገምተኛውን ብልሽት ያሳያል። ባክስተርና ጎሎቢች እ.ኤ.አ. በ1970 ስለዚህ ሐይቅ ሲጽፉ ውሃው እጅግ ጥርት ያለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ጥናት አልጌ በዝቶ ጥራቱ መቀነሱን አሳየ፤ የዓሣው መግባትም ሊኖረው የሚችለውን ድርሻ አነሣ። አልጌን የሚግጡት ጥቃቅን እንስሳት በዓሣ ሲበሉ አልጌው ከልካይ ያጣል። ዓሣው ግን ለዳርቻው ነዋሪ ምግብም ገቢም ሆኗል፤ ስለዚህ በአንድ ቃል «ስሕተት ነበር» ብሎ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም።

በገንዳና በሐይቅ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ማገገሚያው ላይ ነው። የገንዳ ግማሽ ውሃ በአንድ ከሰዓት ይለወጣል፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ሐይቅን ውሃ ግን የሚለውጥ የለም። ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በ2,440 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ሐሸንጌ ደግሞ መውጫ ወንዝ እንኳ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ለእንዲህ ያሉ ውሃዎች የመጀመሪያው ሰዓት እርዳታ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የሚቻለው ብልሽቱ ከመታየቱ በፊት ማወቅ ነው። ይህም ዓሣ ከመጨመሩ በፊትና በኋላ፣ በገጹ ላይ ብቻ ሳይሆን በየጥልቀቱ፣ በቀን ብቻ ሳይሆን ኦክስጅን ዝቅ በሚልበት በንጋት ሰዓት መለካትን ይጠይቃል። ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ገመድ፣ ጀልባና የኦክስጅን መለኪያ ይዞ ዓመት ሙሉ በየወሩ መመላለስ ደማቅ ምርምር አይመስለው ይሆናል፤ ለዓሣ አስጋሪው ግን መረቡን በጧት ምን እንደሚጠብቀው ቀድሞ የሚነግረው ያ ተራ የሚመስል መዝገብ ነው።